ለመረቡ፣ ተረቡ

«ይቀለባል፣ ይታከማል፣ ይጨበጨብለታል። ታዲያ ምን ጎደለው?»

ባሕር! ባሕር ነዋ የጎደለው! የባሕር እንስሳ ገንዳ ውስጥ ዘግተህ «ምን ጎደለው» ትላለህ እንዴ?

እናንተ ዳር የቆማችሁ፣ ጠጋ በሉ። ይሄን ሰው ዛሬ ሳልተርበው አልውልም። ዘመድ ጥየቃ ብሎ ኦርላንዶ ሄደ። ዘመዶቹ ሲዎርልድ የሚባለው የባሕር እንስሳት መናፈሻ አስገቡት። ኦርካው ዘለለ፣ ውሃው ተረጨ፣ የእኛ ሰው ፊት ወንበር ላይ ነበርና ራሰ። ከዚያ ወዲህ የባሕር ወሬ ሲነሳ ማንንም አያስወራም። ወንድሜ፣ የረጠበ ሁሉ ጠላቂ አይደለም!

ኦርካ ማለት ያ ጥቁርና ነጩ ነው። ፈረንጆቹ «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» ይሉታል። በዘሩ ግን ዶልፊን ነው፤ ከዶልፊኖች ሁሉ ትልቁ። የእኛ ሰው ይሄን አያውቅም። ትኬቱ ላይ አልተጻፈማ።

እሺ፣ ይቀለባል። ቀለብ አለው። ቀለበትም አለው፤ የሲሚንቶ ቀለበት፣ ፍቺ የማያውቅ። የሚቀርብለት ዓሣ ደግሞ ከማቀዝቀዣ የወጣ ነው። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ዓሣ ውሃው ይቀንሳል። ኦርካ ደግሞ የሚያስፈልገውን ውሃ የሚያገኘው ከሚበላው ነው እንጂ ጨዋማውን ውሃ እየተጎነጨ አይደለም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ጄላቲን ያጎርሱታል። ያ ኬክ ላይ የሚንቀጠቀጠውን! ዙሪያውን ውሃ፣ ጥሙ በጄላቲን። አንተ ግን «ምን ጎደለው» አልክ።

«ደግሞ እኮ እዚያው ይራባል!»

አዎ፣ ይራባል! አፍህ ሳያስበው እውነት ተናገረ። ዓሣ የሚወረወርለት ሲዘል ነው፤ ሲሽከረከር ነው፤ ጅራቱን ሲያወዛውዝልህ ነው። በካናዳው ሲላንድ መናፈሻ «አልሠራም» ያለ ኦርካ ቀለቡ ይቀነስበት እንደነበር እዚያው የሠሩ ሰዎች ተናግረዋል። አንተ መራባቱን ለመዋለድ ወሰድከው፤ እሱ ለሆዱ።

«ገንዳው እኮ ሰፊ ነው!»

ለማን? ላንተ? አንተማ ዋና ስለማትችል ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ሁሉ ውቅያኖስህ ነው። የማያሚዋን ኦርካ ቶኪታይን እንያት፤ የመድረክ ስሟ ሎሊታ። ገንዳዋ በርዝመቱ 24 ሜትር ገደማ፣ ጥልቅ በተባለው ቦታ 6 ሜትር። እሷ ራሷ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ወደ 6 ሜትር ትደርስ ነበር። በጅራቷ ብትቆም አፍንጫዋ ውጭ ሊያድር ነው። ባሕር ላይ ያለ ኦርካ በቀን እስከ 160 ኪሎ ሜትር መጓዝ ይችላል። አስላው እስቲ፣ ስልክህን አውጣ። ያንን መንገድ በ24 ሜትር ገንዳ ለመጨረስ ከ6,600 ጊዜ በላይ ግድግዳ ጋ ደርሶ መዞር ይጠይቃል። ዋናው ነገር ዋናው ነው፣ ጌታዬ! ገንዳህ ውሃ ይይዛል፤ ክርክርህ ግን ውሃ አያነሳም።

«ኧረ ደስተኛ ነው፣ ሲስቅ አይቼዋለሁ።»

የአፉ ቅርፅ ነው! ዶልፊን ሞቶም ያው ፈገግ እንዳለ ነው። አንተም ፎቶ ላይ ጎበዝ ትመስላለህ፤ ማንም አላመነም።

«ክንፉስ? ያ የጀርባው ክንፍ ወደ ጎን ዘመም ሲል እንዴት ያምራል!» ይሄን ደግሞ ስሙት። የአዋቂ ወንድ ኦርካ የጀርባ ክንፍ ቀጥ ብሎ ሲቆም እስከ 1.8 ሜትር ይደርሳል። ካንተ ይረዝማል፤ መቼም ካንተ የማይረዝም ነገር ጥቂት ነው። ገንዳ ውስጥ ያደጉ ወንዶች ክንፋቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ተጣጥፎ ወድቋል። ባሕር ላይ ይሄ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። አጅሬ የወደቀውን አይቶ «ዘመም» አለው። ቤት ሲፈርስ ብታይ «ዘና አለ» ልትል ነው?

እሺ፣ ይታከማል። ማን አሳመመው? በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የአንድ ኩባንያ ንብረት የሆኑ 29 ኦርካዎችን ጥርስ መረመረ። ጥርሱ ደህና የሆነ ስንት ተገኘ? አንድም። ምን ነክሰው? ኮንክሪት! የብረት በር! ሥራ የፈታ አፍ ግድግዳ ያኝካል። ጥርሱ ሲሰበር በመሰርሰሪያ ይበሱታል፤ ቀዳዳው ምግብ እንዳያሻግትበት ደግሞ በየቀኑ ይታጠባል። ይሄን ነው አንተ «የጥርስ ሕክምና አለው» ብለህ የምትቀናበት። ጥርስ የነከሰበት ግድግዳ እንጂ ሐኪም መች ጠየቀህ?

«ሲጀመርም በፍቅር ነው ያመጡት።»

አሁን ገና ገባህልኝ! ስለ ፍቅሩ ላጫውትህ። በ1964 የቫንኩቨር የውሃ እንስሳት ማሳያ የኦርካ ሐውልት ሊያሠራ ፈለገ። ለሐውልቱ አርአያ የሚሆን ሬሳ አስፈለገውና ገድለው የሚያመጡ ሰዎች ላከ። ቀራጺው ራሱ አብሮ ሄደ። በጦር ወጉት። አልሞት አለ። እንግዲያውስ ብለው በጦሩ ገመድ እየጎተቱ ወደ ከተማው አመጡት። ስም አወጡለት፤ «ሞቢ ዶል»። ሴት መስላቸው ነበር። ለወራት «እሷ፣ እሷ» ሲሉ ቆይተው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሲሞት ሬሳው ሲመረመር ወንድ ሆኖ ተገኘ። በፍቅር አመጡት፣ በጦር ወጉት፣ ጾታውን አላወቁትም። ኧረ የዚህ ፍቅር ሽማግሌ ማን ነበር?

በዚያው በ1964 ሲዎርልድ ሳንዲያጎ ላይ ተከፈተ። መሥራቾቹ መጀመሪያ ያሰቡት ከውሃ በታች የሚገኝ ምግብ ቤት ነበር። አልሆነላቸውም፤ መናፈሻ አደረጉት። ሐሳቡ ግን አልጠፋም። ያው አቅርቦ መሸጥ ነው፤ ሳህኑ ብቻ ገንዳ ሆነ።

«ከመጥፋት ነው ያዳኑት!»

ይሄንን እንኳ ባትለው ይሻልህ ነበር። ኦገስት 1970፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ፔን ኮቭ የሚባል የባሕር ሰርጥ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ዕዳውም የፈረንጅ ነውና በራሳቸው ቀን እንቁጠረው።) አዳኞቹ በፈጣን ጀልባ፣ በአውሮፕላን፣ ውሃ ውስጥ በሚፈነዳ ፈንጂ ኦርካዎቹን እያዋከቡ ሰርጡ ውስጥ ከተቷቸው። መረብ ዘረጉ። የፈለጉት ልጆቹን ነበር፤ ለማጓጓዝ ይቀላሉ፤ ዋጋቸውም ያው ነው። በዚያ ግርግር አምስት ኦርካ ሰጥሞ ሞተ፤ አራቱ ግልገሎች። ቀጥሎ የመጣውን ስማ። ሬሳው እንዳይንሳፈፍ ሆዳቸው ተቀደደ፤ ድንጋይ ተሞላ፤ መልሕቅ ታሰረባቸው፤ ወደ ታች ተለቀቁ። ባሕሩ ግን ምስጢር አልያዘላቸውም። ኖቬምበር ላይ ከሬሳዎቹ አንዳንዶቹን ዳር አወጣቸው። «አዳንናቸው» ማለት ይሄ ከሆነ፣ እባክህ እኔ ስቸገር አንተ እንዳትደርስልኝ።

ከዋሽንግተንና ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውሃዎች በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ከ40 በላይ ኦርካዎች ለየመናፈሻው ተወሰዱ። አብዛኞቹ ገና ልጆች። ከዚያ ወገን የደቡቡ ነዋሪዎች የሚባሉትን ኦርካዎች በ2005 አሜሪካ «ሊጠፉ ነው» ብላ መዘገበቻቸው። ለመመናመናቸው ሌላም ምክንያት አለ፤ የሚበሉት ሳልመን ማነሱ፣ የውሃው መበከል። ግን መጀመሪያ ልጆቹን ወስደህ፣ ኋላ «አለቁ፣ ላድናቸው» ትላለህ? ዋሽንግተን ግዛት በ1976 አዳኞቹን ከሰሰችና ከውሃዋ አስወጣቻቸው። አጅሬዎቹ አፍረው የተቀመጡ እንዳይመስልህ። መረባቸውን ጠቅልለው አይስላንድ ወረዱ!

አይስላንድ ደግሞ ቲሊኩምን ሰጠቻቸው።

«ያ ገዳዩን? እሱ እኮ ስሙም ገዳይ፣ ባሕርዩም ገዳይ ነው!»

ባሕሩን ቀምተህ ባሕርዩን ትወቅሳለህ? ቲሊኩም በ1983 ሲያዝ ዕድሜው ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ጥርስ እንጂ ጠብ አያውቅም። ካናዳ፣ ቪክቶሪያ አጠገብ ወደነበረው ሲላንድ ተሸጠ። ቀን ቀን ትርኢት። ሌሊት ሌሊት ከሁለት ታላላቅ እንስቶች ጋር ጠባብና ጨለማ የብረት ማደሪያ ውስጥ ተዘግቶ ሲቧጥጡትና ሲነክሱት ያድር እንደነበር የሠራተኞቹ ምስክርነት አለ። ፌብሩዋሪ 1991 አንዲት ወጣት አሠልጣኝ አዳልጧት ገንዳው ውስጥ ወደቀች፤ ሦስቱም ኦርካዎች አላስወጣ አሏት፤ ሞተች።

እዚህ ላይ ሳቄን ላቁም፤ ሰው ነው የሞተው። የቀሩት ላይ ግን አላቆምም። ሰዎቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መናፈሻውን ሊዘጉት ወሰኑ። ኦርካውንስ? ሸጡት! ሲዎርልድ በ1992 መጀመሪያ ኦርላንዶ አስገባው። «ገዳይ ነው» ብለህ ትሸጣለህ፣ «ገዳይ ነው» ብሎ ይገዛል፣ ከዚያ ፊት ወንበር ላይ አንተን ያስቀምጥሃል። በ1999 ኦርላንዶ ላይ በሩ ማታ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ የቀረ አንድ ሰው ጠዋት ቲሊኩም ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በ2010 ብዙ ልምድ ያላት አሠልጣኝ ትርኢቱ እንዳለቀ እዚያው እሱ ገንዳ ውስጥ ሞተች። ያኔ በየመግለጫው የተነሳው ምን ነበር? ፀጉሯ! ጅራት አድርጋ አስራው ነበር ተባለ። አምስት ሺህ ኪሎ የሚያልፈውን እንስሳ ትተው የፀጉር ጅራት ከሰሱ።

የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሲዎርልድን መጀመሪያ 75,000 ዶላር ቀጣ። ሲከራከሩ ሲከራከሩ 12,000 ሆነ። ኩባንያው እሱንም አልከፍልም ብሎ ይግባኝ አለ፤ በ2014 ሁለት ለአንድ ተፈረደበት። «በትርኢት ላይ አሠልጣኝና ኦርካ አንድ ውሃ ውስጥ አይገናኙ» የሚለው ትዕዛዝ ጸና። በተለየ ሐሳብ የወጣው አንዱ ዳኛ ብሬት ካቫኖ ነበር፤ ኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገባው። አየህ፣ ኦርካ ትርኢት ላይ ጥሩ ቦታ ከተቀመጥክ የትም ትደርሳለህ። አይ፣ ቀለድኩ። ሰውየው የተከራከረው ስለ ስፖርትና ስለ አደገኛ ሥራ ነው፤ ትኬት ይቁረጥ አይቁረጥ አላውቅበትም።

አሁን የመጨረሻዋን ቡጢ ስጠኝ ካልክ እነሆ። በገዛ ባሕሩ ላይ ያለ ኦርካ ሰው ገደለ የሚል የተረጋገጠ መዝገብ የለም። አንድም! ገዳዩ ገንዳ ውስጥ ነው የተሠራው። ደግሞ እኮ «አደገኛ ነው» እያሉ ዘሩን ይቀዱ ነበር። ቲሊኩም በተፈጥሮም በሰው ሠራሽ መንገድም የ21 ግልገሎች አባት ሆነ። በ2017 ጃንዋሪ ሞተ። ጠባዩን ጠልተው ዘሩን ወደዱት። ያንተን ጠባይ የምናውቅ ሰዎች፣ ይሄ ዘዴ ላንተ እንዳይደርስ እንጸልያለን።

«አሠልጣኞቹ እኮ ቤተሰቡ ናቸው።»

ደመወዝ የሚከፈለው ቤተሰብ! የዋሽንግተን ባሕር ነዋሪ ኦርካዎች ቤተሰብ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ላሳይህ። ወንዱም ሴቱም ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ከእናቱ ጎን አይለይም። አያት ማረጧ ካለፈ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ኖራ ሳልመን ወዳለበት የምትመራው እሷ ናት። በ2018 ታህለኳ የምትባል እናት የሞተችባትን ግልገል በአፍንጫዋ እየደገፈች ለ17 ቀን ተሸክማ ዞረች፤ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር። የሞተ ልጅ አልጥልም ያለች እናት! አንተ ደግሞ በሕይወት ያለውን ግልገል ከመናፈሻ ወደ መናፈሻ በአውሮፕላን ሲያዛውሩት «ዕድገት አገኘ» ትላለህ።

«ልጆቻችን ይማሩበታል።»

ምን ተማሩ? እጅ ሲያወዛውዙለት ክንፉን እንደሚያወዛውዝ። ሙዚቃ ሲከፈት እንደሚዘል። ልጅህ ስለ ኦርካ ሳይሆን ስለ አሠልጣኙ ተማረ! እያንዳንዱ የኦርካ ቤተሰብ የራሱ የድምፅ ዘዬ እንዳለው ነገሩት? የአይስላንዱን ከፓስፊኩ ጋር አንድ ገንዳ ሲከቱ ባቢሎን እንደሚሆን ነገሩት? በ1989 ሳንዲያጎ ላይ ካንዱ የምትባል የአይስላንድ ኦርካ ከካናዳ የመጣችውን ኮርኪን ለመምታት ስትንደረደር የራሷ መንጋጋ ተሰበረ፤ የደም ሥሯ ተበጠሰ፤ ተመልካች እያየ ደሟ ፈስሶ አለቀ። ያን ቀን ፊት ወንበር የተቀመጡ ልጆች እውነትም ተማሩ። ትምህርቱ ግን በትኬቱ ዋጋ ውስጥ አልነበረም።

አሁን ከፍ ወዳለው ወጣ። «እግዚአብሔር ራሱ ግዙ ብሎናል!»

ግዙ የተባልከው ልታስተዳድር ነዋ! አንተ ግዛትን ግዢ አደረግከው፣ ግዢውን ግዞት። ግብረ ገቡንም ገቢው ዋጠው። ደግሞ መጽሐፍ ከጠቀስክ ዮናስን አትዝለለው። ትልቁ ዓሣ ዮናስን ዋጠ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አሳደረው። ትኬት አልሸጠበትም። «ዝለል» አላለውም። ሲጨርስ ደረቅ መሬት ላይ አወጣው። እናንተ ቶኪታይን በ1970 ከዚያው ከፔን ኮቭ ወሰዳችሁ። አብሯት ገንዳ የነበረው ሁጎ የሚባል ወንድ ኦርካ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ሲያጋጭ ኖሮ በ1980 በአንጎሉ የደም ሥር ማበጥ ሞተ። እሷ ብቻዋን ከትናንሽ ዶልፊኖች ጋር ቀረች። ማርች 2023 «ወደ ባሕሯ እንመልሳታለን» ተባለ። ኦገስት 2023 እዚያው ማያሚ ሞተች። 53 ዓመት! ነነዌ ሂድ ያልተባለች፣ ኃጢአት የሌለባት። ዓሣው ከናንተ ይሻላል አልኩ፤ የሚከራከር ካለ ይውጣ።

ዝም አልክ? አይ፣ አንድ ቀርቶሃል፤ አውቀዋለሁ። «ሰው እየተራበ አንተ ስለ ዓሣ ትጨነቃለህ።»

ጎሽ! እስቲ ኪስህን እንፈትሽ። ያን ቀን ለትኬት ስንት ከፈልክ? ለመኪና ማቆሚያስ? ለዚያች ለጥቁርና ነጭ አሻንጉሊት? ለተራበው ሰው ስንት ላክህ? ... እናንተ ዳር የቆማችሁ፣ ምስክር ሁኑኝ፤ ዝም አለ! የተራበው ሰው የሚታወሰው ኦርካ ሲነሳ ብቻ ነው። ትልቅ ኦርካ በቀን ወደ 100 ኪሎ ዓሣ ይበላል፤ ከማንም ሳይለምን ባሕሩ ይቀልበው ነበር። አምጥታችሁ ቀላቢ የሆናችሁት እናንተ፣ «ስንት ያስወጣል መሰለህ» የምትሉትም እናንተ።

«ቢፈታስ? ኬይኮ ተፈትቶ ሞተ አይደል?»

ሞተ፤ እውነት ነው። በዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ እመልስልሃለሁ፤ ካነሳሃቸው ሁሉ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ይሄ ብቻ ነው። ኬይኮ በ1979 አይስላንድ ተያዘ፤ ሜክሲኮ ሲቲ ሞቅ ባለ ጠባብ ገንዳ ኖረ፤ በ1993 «ፍሪ ዊሊ» በተባለው ፊልም ታወቀ። ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ መጀመሪያ ኦሪገን ወሰደው፤ በ1998 በወታደራዊ አውሮፕላን አይስላንድ ገባ። በ2002 ባሕር ወጣ፤ ኖርዌይ ድረስ ዋኘ። እዚያ ሲደርስ ግን የፈለገው ሰው ነበር፤ ልጆች ጀርባው ላይ ወጡ። ዲሴምበር 2003 ሞተ። ከዱር ኦርካዎች ጋር አልተዋሃደም። ይሄ ማለት የለመደውን ሁሉ በር ከፍቶ «ሂድ» ማለት አያዋጣም ነው። ገንዳ ውስጥ የተወለደውማ ባሕሩን ጭራሽ አያውቀውም። ለእነሱ የሚሆነው በመረብ የተከለለ የባሕር ሰርጥ ነው፤ ሐኪምና ቀላቢ ያለበት፣ ጭብጨባ የሌለበት።

ግን አንተ ከኬይኮ ምን ተማርክ? «ማሰሩ ይቀጥል!» እኛ ምን አልን? «ማዋለዱ ይቁም!» ሰው አንካሳ አድርገህ «እግር የለውምና አይሂድ» የምትል አንተ ብቻ ነህ።

ደግሞ ሰሚ አለ። ሲዎርልድ ራሱ በ2016 ኦርካ ማዋለዱን አቆምኩ አለ፤ «ብላክፊሽ» የተባለው ፊልም በ2013 ከወጣ በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝበት። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ማዋለዱን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ካናዳ በ2019 ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ለትርኢት ማሰርን ከለከለች። ሕንድ ቀድማ በ2013 የዶልፊን መናፈሻ አይከፈትብኝም አለች። ሩሲያ ናሆድካ አጠገብ ለገበያ ታጉረው የተገኙት 11 ኦርካዎችና ቤሉጋ የሚባሉ 87 ነጭ ዓሣ ነባሪዎች ዓለም ሲጮህ በ2019 መለቀቅ ጀመሩ። ፈረንሳይ በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀች፤ አንቲብ ያለው ማሪንላንድ መናፈሻ በ2025 ጃንዋሪ በሩን ዘጋ። በሩ ሲዘጋ ግን ኦርካዎቹ ዊኪና ልጇ ኬይጆ እዚያው ገንዳ ውስጥ ነበሩ፤ መንግሥትና ባለቤቱ «የት ይሂዱ» እያሉ ይነታረኩ ነበር። አየህ፣ ማስገባቱ ቀላል ነበር።

አትላንታ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ አትሳቁ፤ ተራችሁ ነው። እዚያ ያለው ትልቁ የውሃ እንስሳት ማሳያ ከታይዋን የዓሣ ማስገሪያ ኮታ ዌል ሻርክ የሚባሉትን ግዙፍ ዓሦች አስመጥቶ «ሊበሉ የነበሩ ናቸው» አለ። ሁለቱ በ2007 ሞቱ። ከሳህን ድነው ከገንዳ አልዳኑም። ከዚያ ደግሞ 18 ቤሉጋ ከሩሲያ ላስመጣ ብሎ በ2012 አመለከተ፤ መንግሥት በ2013 እምቢ አለው፤ ፍርድ ቤትም በ2015 እምቢታውን አጸናው። እንግዳ ሲመጣባችሁ እዚያ ከመውሰድ ቡና አፍሉለት።

አቡ ዳቢ ያላችሁም አላችሁ። በሲዎርልድ ስም በሜይ 2023 የተከፈተላችሁ መናፈሻ ኦርካ የለበትም። «ያለ ኦርካ ሰው አይገባም» ይል የነበረው ወዳጃችን ይሄን ሲሰማ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ዶልፊን አለ አይደል?» አለ። አለ፤ ስለዚህ ተረቡ አላለቀም።

በል እንግዲህ ወንድሜ፣ ልሸኝህ። ኦርካ ማየት አምሮህ ከሞትክ፣ በሚቀጥለው ዘመድ ጥየቃህ ኦርላንዶን ትተህ ሲያትል ሂድ፤ የሀገር ልጅ እዚያም ሞልቷል። ከዚያ ተነሥተህ በጀልባ ሳን ኋን ደሴት ተሻገር። ላይም ኪልን የሚባል የግዛቱ መናፈሻ አለ፤ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለህ ባሕሩን ታያለህ። የቶኪታይ ዘመዶች በዚያ ያልፋሉ። የትርኢት ሰዓት አይለጠፍም፣ ፊት ወንበር አይሸጥም። ከመጡ አየሃቸው፤ ካልመጡ ሥራ አላቸው።